ሲሞቅ አልነሳ ለሚል አሮጌ ሆንዳ ሲቪክ፦ ከዳሽቦርዱ ሥር የተደበቀውን ዋና ሪሌ አውጥቶ መለወጥ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1992 እስከ 1995 ሞዴል የሆነው ሆንዳ ሲቪክ ዛሬም በቨርጂኒያና በሜሪላንድ መንገዶች ላይ የሚታይ፣ ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት ሞተሩ በቀላሉ እጅ የማይሰጥ መኪና ነው። ሆኖም ይህ ሲቪክ፣ በዚያው ዘመን ከተሠሩት የሆንዳ ኩባንያ መኪኖች ከአኮርድና ከኢንቴግራ ጋር የሚጋራው አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። ጠዋት በመጀመሪያው ሙከራ የተነሳው መኪና ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ ከቆየ በኋላ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ግን አልነሳ ይላል፤ ባለቤቱ በሮቹን ከፍቶ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ በኋላ ሲሞክረው ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሁሉ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ የዚህ ጠባይ መነሻ ከመሪው በስተግራ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ወደ ላይ ገባ ብሎ የተሰቀለ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የሚል አንድ ሪሌ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ የያዘውም አንድ ቡሎን ብቻ ነው፤ አስቸጋሪው ነገር እጅን እዚያ ድረስ ማድረስና ከዚያ በፊት ጥፋተኛው በእርግጥ እሱ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

የእኔ የ1994 ሲቪክ ይህን ጠባይ ባመጣበት የመጀመሪያ በጋ፣ አንድ ጋራዥ የቤንዚን ፓምፑን ለወጠልኝ። መኪናው በጎታች ተጭኖ ወደ ጋራዡ ሲደርስ መሽቶ፣ አየሩም ቀዝቅዞ ስለነበር ወዲያው ተነሳ፤ መካኒኩም ሕመሙን በዓይኑ ሳያይ በግምት ሠራ። በሳምንቱ የገበያ አዳራሽ ማቆሚያ ላይ፣ አይስክሬሙ በፌስታል ውስጥ እየቀለጠ፣ መኪናው በአዲስ ፓምፑ እንደገና ቆመብኝ። በግምቱ መካኒኩን አልወቅሰውም፤ ይህ ብልሽት ሲፈልጉት የሚሰወር ብልሽት ነውና። ከዚህ በታች የማስረዳውም ስለዚህ ከመፍቻ ሳይሆን ከመስማት ይጀምራል።

ሪሌው የሚሠራው ሥራ

ሪሌ በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ ኤሌክትሪክን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። በውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንዲት የብረት ምላስ ስቦ ሁለት ነጥቦችን ያገናኛል፤ “ቀጭ” የሚለው ድምፅም የዚያች ምላስ ድምፅ ነው። የሆንዳ ዋና ሪሌ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሪሌዎችን የያዘ ሲሆን ከሥሩ ሰባት እግሮች አሉት። አንደኛው ሪሌ ቁልፉ ሲከፈት ለሞተሩ ኮምፒውተርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ ለሚረጩት ኢንጀክተሮች ኃይል ይሰጣል። ሁለተኛው ደግሞ ለቤንዚን ፓምፑ ኃይል የሚያሳልፈው ነው፤ ይህኛው ግን የሚታዘዘው በኮምፒውተሩ ነው። ቁልፉ እንደተከፈተ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ለ2 ሰከንድ ያህል ያሠራና ግፊት ካስያዘው በኋላ ያጠፋዋል፤ ሞተሩ መዞር ሲጀምር መልሶ ያበራዋል፤ ሞተሩ ከቆመም ይዘጋዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር በግጭት ጊዜ ቤንዚን መፍሰሱን እንዳይቀጥል ስለሚረዳ፣ ሪሌውን ትቶ ፓምፑን በቀጥታ ሽቦ ከባትሪ ጋር ለዘለቄታው ማገናኘት በፍጹም የማይመከር አቋራጭ ነው።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ምላሱም ጥቅልሉም አይደለም። የሪሌው እግሮች በትንሽ ሰሌዳ ላይ በሊድ፣ ማለትም በካውያ በሚቀልጥ የመበየጃ ብረት፣ ተበይደዋል፤ የፓምፑና የኢንጀክተሮቹ ኤሌክትሪክ የሚያልፈውም በእነዚህ ብየዳዎች ነው። መኪናው በተነሳና በጠፋ ቁጥር እግሩና ሊዱ ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፤ ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ፣ የመንገዱ ንዝረት ተጨምሮበት፣ ከዓመታት በኋላ በእግሩ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈጠራል። ቀዝቃዛ ሲሆን የስንጥቁ ሁለት ወገኖች ይነካካሉ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ግን ይላቀቃሉ። ጠዋት ደህና፣ ቀትር ላይ በሽተኛ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከመፍታት በፊት መስማት

ምርመራው የሚጠቅመው መኪናው አልነሳ ባለበት በዚያው ቅጽበት ነው። በዚያች ሰዓት ሰው የሚያደርገው ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞር ነው፤ ያ ግን ባትሪ ከመጨረስ በቀር የሚነግረን ነገር የለም። ይልቁንም ሬዲዮውንና የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ መስኮቶቹን ይዝጉ፣ ቁልፉን ሞተሪኖው ከመዞሩ በፊት ባለው ደረጃ ላይ አድርሰው ያቁሙት። ከዚያ ሁለት ነገሮችን ይከታተሉ፦ የቼክ ኢንጅን መብራቱን በዓይን፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር የሚመጣውን የፓምፑን ጉምጉምታ በጆሮ። መንገድ ዳር ሆነው ጩኸት ካስቸገረዎት አንድ ሰው ቁልፉን እንዲከፍት አድርገው እርስዎ የቤንዚን መክደኛውን ከፍተው ጆሮዎን ጠጋ ማድረግ ይችላሉ፤ በእርግጥ በአካባቢው ሲጋራ የሚያጨስ ሰው መኖር የለበትም።

መብራቱ በርቶ ከ2 ሰከንድ በኋላ ከጠፋና በዚያችው 2 ሰከንድ ፓምፑ ከተሰማ፣ ሪሌው በዚያን ጊዜ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ፣ በተለይም በእነዚህ መኪኖች ላይ ሲሞቅ በሚያስቸግረው ብልጭታን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ባለው የብልጭታ መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላልና ካንዴላው ብልጭታ ማግኘቱ ይታይ። መብራቱ እንደ ወትሮው በርቶ ከጠፋ፣ ፓምፑ ግን ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ሪሌው ሁለተኛ ክፍል፣ ወደ ፓምፑ ወይም በመካከላቸው ወዳለው ሽቦ ይጠብባል። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ኃይል አላገኘም ማለት ነው፤ ፊውዞቹ ደህና ከሆኑ የሪሌው አንደኛ ክፍል ይጠረጠራል። ፊውዞቹን መመልከት የሁለት ደቂቃ ሥራ በመሆኑ በሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ሥዕል እየተከተሉ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ፊውዝ ተቃጥሎ ሪሌ የለወጠ ሰው ከእኔም በላይ ገንዘቡን በከንቱ አውጥቷል።

ፓምፑንና ሪሌውን ለመለየት አንድ እርምጃ ይቀራል። የኋላ መቀመጫው ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ክዳን ሲከፈት የፓምፑ የሽቦ ሶኬት ይገኛል። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርገው በሶኬቱ ሁለት ጫፎች ላይ ይያዙና ረዳትዎ ቁልፉን ይክፈት፤ ለ2 ሰከንድ ያህል ከባትሪው ጋር የሚቀራረብ ቮልት ከታየና ፓምፑ ካልሠራ ጥፋቱ የፓምፑ ነው፤ ምንም ካልታየ ወደ ፊት ወደ ሪሌው ይመለሱ። ቮልቱን በሚያነቡበት ጊዜ የፓምፑ ሶኬት ተነቅሎ ከሆነ በተሰነጠቀ ብየዳ የሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሶኬቱ እንደተሰካ ከጀርባው በቀጭን መርፌ መለካት የተሻለ እውነት ይነግራል።

“ቀጭ” የሚለውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ሪሌው ደህና ነው ማለት ብዙዎችን ያሳሳተ ነገር ነው። ድምፁ የሚያረጋግጠው ጥቅልሉ ኃይል ማግኘቱንና ምላሷ መንቀሳቀሷን እንጂ፣ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት እግር ላይ ያለው ብየዳ አለመሰንጠቁን አይደለም። በዚያው ልክ፣ ሪሌውን ነቅሎ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በቴስተር መፈተሽም ለዚህ ብልሽት ደካማ ማስረጃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሪሌ ቀዝቃዛ ነውና ፈተናውን በሙሉ ያልፋል። የግድ መፈተሽ ካለበት በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ይፈትኑት። በዚህ ላይ የእግሮቹ የቁጥር አሰጣጥ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ ለአኮርድ የተጻፈውን ቁጥር ወደ ሲቪክ አያምጡ፤ የመኪናዎን ዓመተ ምርት የሚመለከተውን የጥገና መጽሐፍ ይከተሉ።

መንገድ ላይ ለቆመ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከመሪው በስተግራ ያለውን የዳሽቦርዱን ሥር በጡጫ ጠንከር አድርጎ መታ መታ ማድረግ፣ ወይም በሮቹን ከፍቶ አየር ማስገባት መኪናውን ብዙ ጊዜ ያስነሣል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ነገር ግን ከመታ በኋላ ፓምፑ መጉምጎም ከጀመረ ያ ራሱ ጥሩ ምርመራ ነው። በዚህ ሁኔታ ወር ከወር መቆየት ግን አይገባም፤ ስንጥቁ ሲሰፋ በጉዞ ላይ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬን አጋዥ ኃይል ስለሚያልቅ ፔዳሉ ይጠነክራል፤ በአውራ ጎዳና መካከል ይህ ቀልድ አይደለም።

ዕቃና ዝግጅት

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ባለ 10 ሚሊሜትር መፍቻ ከራቼትና ከማራዘሚያ ጋር፣ ባለ መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ በግንባር የሚታሰር መብራት፣ ናስትሮ፣ ወፍራም ትራስ ወይም የተጣጠፈ ብርድ ልብስ። መብራቱ በእጅ የሚያዝ ከሆነ ከሁለቱ እጆች አንዱ ሥራ ፈታ ማለት ነው፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም እንኳ አይበቁም።

አዲሱን ሪሌ ከመግዛትዎ በፊት ከተቻለ አሮጌው ላይ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ፤ መልኩና የእግሩ ብዛት የተመሳሰለ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአሮጌ መኪኖች መለያያ ግቢ የተነቀለ ሪሌ ርካሽ ቢሆንም የእርስዎን ያህል ዕድሜ፣ የእርስዎን ያህል በጋ ያየ ነውና ብየዳው ሳይታደስ ቢያስገቡት ችግሩን ከሌላ መኪና ገዝተው አመጡት ማለት ነው። ስሙ ያልታወቀ በጣም ርካሽ አዲስ ሪሌም እኔ በበኩሌ አላምነውም፤ ከእርሱ ይልቅ አሮጌውን ኦሪጅናል በደንብ አድሶ መመለስን እመርጣለሁ። ስለ እድሳቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

መኪናውን ጥላ ሥር፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና ካቢኑ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያ የባትሪውን ገመድ ከመፍታት በፊት የሪሌውን ቦታ ማግኘት ይቀላል። የሹፌሩን መቀመጫ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይግፉ፣ መደገፊያውን ያጋድሙ፣ ጀርባዎን በመኪናው ወለል ላይ፣ ራስዎን ከፔዳሎቹ ሥር አድርገው ወደ ላይ ይመልከቱ። ወገብ ላለበት ሰው ቀላል አቀማመጥ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ትራሱ የበሩ ደፍ ላይ ለሚያርፈው ጎን ነው። በዚያ አካባቢ ከአንድ በላይ ሪሌ ስላለ፣ ረዳትዎ ቁልፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ጣትዎን እያንዳንዱ ላይ ያሳርፉ። የሚፈልጉት ሪሌ ቁልፉ ሲከፈት ከጣትዎ ሥር ይመታል፤ ከ2 ሰከንድ በኋላ አንድ ጊዜ ይደግማል፤ ቁልፉ ሲዘጋ ደግሞ እንደገና ይሰማል። ሁለተኛዋን ምት ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚሰጥ ሌላ ሪሌ በዚያ ቦታ የለም። እጅዎ ቦታውን ካወቀ በኋላ በስልክዎ ካሜራ ወደ ላይ ፎቶ ያንሱ፤ የቡሎኑ አቅጣጫ፣ የሽቦው አካሄድና የሶኬቱ መቆለፊያ የትኛው ጎን እንዳለ ፎቶው ከዓይንዎ የበለጠ ያሳያል።

አሁን ቁልፉን አውጥተው በኪስዎ ያድርጉና የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱ። ሬዲዮዎ የሌባ መከላከያ ቁጥር የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ቁጥሩ በእጅዎ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። መሪው ውስጥ ኤርባግ ስላለ ገመዱ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይጠብቁ። በሆንዳ ላይ የኤርባጉ ሽቦዎችና ሶኬቶች በቢጫ ይለያሉ፤ ሥራው ቢጫ የሆነውን ነገር እንዲነኩ ስለማያስገድድዎት አይንኩት፣ አይጎትቱት፣ በቴስተርም አይለኩት።

ማውጣት

መጀመሪያ የሚወጣው ከመሪው ሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው። በጥቂት ብሎኖችና በክሊፖች የተያዘ ነው፤ ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ በጠርዙ በኩል ቀስ ብለው ሲስቡት ክሊፖቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል፤ ክረምት ላይ የሚሠሩ ከሆነ መኪናውን ትንሽ አሙቀው ይጀምሩ። ከፕላስቲኩ በስተጀርባ ጉልበት መከላከያ ብረት ካለ እሱንም በቡሎኖቹ በኩል ይፍቱት፤ ሳይነሣ በጎን በኩል ለመሥራት የሚሞክር ሰው ያዳናትን አምስት ደቂቃ በተፋቀ ክንድ ይከፍላታል። የወጡትን ብሎኖች በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ እየሰኩ ማስቀመጥ በኋላ ከመገመት ያድናል።

ሪሌውን የያዘው ባለ 10 ሚሊሜትር ራስ ያለው አንድ ቡሎን ነው። አስቸጋሪነቱ በመጥበቁ ሳይሆን ሰው ሊያየውና ሊነካው በአንድ ጊዜ ባለመቻሉ ነው፤ እጅ ሲገባ ዓይን ይጋረዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ፣ በጣት ብቻ የቡሎኑን ራስ ይዳስሱና አቅጣጫውን ይወቁ፤ ቀጥሎ መፍቻውን ከማራዘሚያው ጋር በሌላው እጅ አምጥተው በጣትዎ እየመሩ ራሱ ላይ ያስገቡት። ከጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ የሚፈታ ሰው ግራና ቀኝ ይምታታበታልና፣ ኃይል ከመስጠትዎ በፊት ወደየት እየዞሩ እንደሆነ ቆም ብለው ያስቡ። ቡሎኑ ግማሽ ያህል ከላላ በኋላ ራቼቱን ይተዉትና በጣት ይጨርሱት፤ በመሣሪያ የተፈታ ቡሎን ሲለቅ ወድቆ ምንጣፉና የወለሉ ብረት መካከል ይገባል፤ የእኔን ያገኘሁት ከሁለት ቀን በኋላ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥር ነው። እንዲህ ያለ ልቅ ብረት ከፔዳል ሥር መቅረቱ ራሱ አደጋ ነውና የወደቀ ነገር ሳይገኝ መኪናው አይነዳ።

ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ሪሌው ከነሽቦው ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ሶኬቱን እዚያው ላይ በጨለማ ከመታገል ወደ ብርሃን ካወረዱት በኋላ መንቀል ይሻላል። ሶኬቱ በጎኑ የፕላስቲክ መቆለፊያ አለው፤ መቆለፊያውን በአውራ ጣት ተጭነው ሶኬቱን ራሱን ይሳቡ፤ ሽቦዎቹን ይዞ መሳብ እግሩን ከሶኬቱ ውስጥ ይነቅለዋል። እምቢ ካለ መጀመሪያ ወደ ሪሌው ትንሽ ገፋ አድርገው መቆለፊያውን ከተጫኑ በኋላ መልሰው ይሳቡት፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው አቧራና ዕድሜ ነው። ከተነቀለ በኋላ የሶኬቱን ውስጥ በመብራት ይመልከቱ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ፣ ወይም አንዱ ቀዳዳ ከሌሎቹ ሰፍቶ ከታየ፣ አዲስ ሪሌ ብቻውን አይበቃም፤ ሶኬቱም መታደስ አለበት።

ሳጥኑን መክፈትና ብየዳውን ማደስ

አዲስ ሪሌ ቢገዙም አሮጌውን ሳይከፍቱ አይጣሉት፤ ምርመራዎ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው እዚህ ነው። የሳጥኑ ጎኖች ላይ ያሉትን ትናንሽ መያዣዎች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለው ሲያነሡ ሰሌዳው ከነእግሮቹ ተንሸራትቶ ይወጣል። ሰሌዳውን ገልብጠው በጠንካራ ብርሃን፣ ቢቻል በአጉሊ መነጽር፣ እያንዳንዱን የብየዳ ነጥብ ሰሌዳውን ዘንበል ዘንበል እያደረጉ ይመልከቱ። ደህናው ብየዳ እንደ ትንሽ ተራራ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ እግሩ ጫፍ የሚወጣ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የታመመው ደግሞ በእግሩ ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ያለው ነው፤ በእርሳስ የተከበበ ይመስላል። በእኔ ሪሌ ላይ ይህ ቀለበት ትልልቆቹ ሁለት እግሮች ላይ ነበረ፤ አንዱን እግር በጥፍሬ ስገፋው ብየዳው ሳይነቃነቅ እግሩ ብቻውን ተወዛወዘ። የአንድ ሙሉ በጋ ጣጣ የነበረው ያ ውዝዋዜ ነው።

ለማደስ የኤሌክትሮኒክስ ካውያ፣ በመካከሉ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን የብየዳ ሙጫ (ፍላክስ) ያለው ቀጭን ሊድ፣ እና የድሮውን ሊድ መምጠጫ ያስፈልጋል። ለውኃ ቧንቧ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ሊድ ሰሌዳውን ቀስ በቀስ ስለሚበላው ፈጽሞ አይሆንም። በተሰነጠቀው ላይ አዲስ ሊድ ከመደረብ አሮጌውን አቅልጦ መምጠጥና ከባዶ መበየድ ይሻላል፤ የቆሸሸ እግር አዲሱን ሊድም አይቀበልምና። የካውያውን ጫፍ በእግሩና በሰሌዳው መዳብ ላይ በአንድ ጊዜ ያሳርፉ፣ ሁለቱ ከሞቁ በኋላ ሊዱን ወደ እግሩ እንጂ ወደ ካውያው አይስጡ፤ ቀልጦ ዙሪያውን ሲከብብ ያንሡና ሳይነካ ይቀዝቅዝ። ትልልቆቹ እግሮች ሙቀት ስለሚጠጡ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ሙቀት መዳቡን ከሰሌዳው ይልጠዋል። አንድ ብቻ ተሰንጥቆ ቢያገኙ እንኳ ሁሉንም ያድሱ፤ የቀሩት ዕድሜያቸው ያው ነው። ሊዱ እርሳስ ያለበት ከሆነ ክፍሉ አየር የሚያገኝ ይሁን፤ ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ። ምላሷ የምትገናኝባቸውን ነጥቦች ግን በአሸዋ ወረቀት አይፈትጉ፤ በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ይበቃል።

መልሶ ማስገባትና መፈተን

ሪሌው ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ሶኬቱ በብርሃን ላይ እንዳለ ይሰካል፤ መቆለፊያው ድምፅ ሰጥቶ እስኪይዝ ድረስ ይገፋል፤ ከዚያ ሪሌው ወደ ቦታው ይወጣል። ቡሎኑ ከመፍቻው ውስጥ እንዳይወድቅ የናስትሮ ቁራጭ በራሱ ላይ አድርገው መፍቻው ውስጥ ይሰኩት፤ በዚህች ዘዴ አንድ እጅ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች በጣት እንጂ በራቼት አያስይዙ። ሽቦዎቹ በመሪው ዘንግ ወይም በፔዳሎቹ ክንዶች እንዳይነኩ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረውና ፔዳሎቹን ረግጠው ይመልከቱ። የፕላስቲክ መሸፈኛውን ግን ገና አይመልሱት፤ መኪናው መነሳቱ ሳይረጋገጥ የተዘጋ ዳሽቦርድ እንደገና መከፈቱ አይቀርም።

ባትሪውን ካገናኙ በኋላ ቁልፉን ይክፈቱ፤ መብራቱ ለ2 ሰከንድ ይበራል፣ ፓምፑ ያጉመጉማል፣ ሁለቱም ይቆማሉ። መብራቱ ሳይጠፋ ከቀረ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ሌላ ኮድ ሊኖር ስለሚችል ይነበብ። ሞተሩን ያስነሡና የራዲያተሩ ማራገቢያ እስኪዞር ድረስ ጭነት ሳይሰጡ ይተዉት፤ ባትሪው ሲፈታ ኮምፒውተሩ ያስታወሰውን ስለሚረሳ ለጥቂት ጊዜ ቤንዚን ሳይሰጡት የሚዞርበት ፍጥነት ከፍና ዝቅ ቢል አያስደንግጥዎት። በዚህ መካከል እጅዎን ወደ ሪሌው ሰደው ሽቦዎቹን ቀስ ብለው ያወዛውዙ፤ ሞተሩ ቅንጣት ካልተንተባተበ ሶኬቱ ጥሩ ይዟል።

ትክክለኛው ፈተና ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፀሐያማ ቀን ይምረጡ፣ መኪናውን ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱት፣ ከዚያ መስኮቶቹን ዘግተው ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት ያቁሙት። ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ ሙቀቱ ፊትዎን ይመታዎታል፤ በሩን ከፍተው አየር ሳያስገቡ በዚያው ሙቀት ቁልፉን ይክፈቱና ያዳምጡ። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት ካለፈ መሸፈኛውን ይመልሱ። አንዱ ቀን ከወደቀ፣ ፓምፑ እየተሰማ ሞተሩ ካልተነሳ ወደ ዲስትሪቢውተሩ ይሂዱ፤ ፓምፑም ካልተሰማ በዚያው ሙቀት የፓምፑን ሶኬት ይለኩ፣ ፓምፑ ከመኪናው ብረት አካል ጋር የሚገናኝበትንም ሽቦ ይመርምሩ። አዲስ ሪሌ የገዛ ሰው ብየዳውን ያደሰውን አሮጌ ሪሌ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከባለ 10 መፍቻው ጋር በጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ሊያኖረው ይችላል፤ የእኔ እዚያው ተቀምጧል።